ጉሮሮ ላይ የሚያርፍ መዳፍ

ድመት ኩርር የምትለው ተመችቷት ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልከራከርም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ክርክር ትቻለሁ፤ ደመወዝ የማይከፈልበት ክርክር ትርፉ የጨጓራ በሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ግን ጎረቤቴ ድመቷን አቅፋ መጣችና «አስካለ፣ እስቲ ስሚልኝ። ኩርር እያለች ነው፤ ደህና ናት ማለት ነው አይደል?» አለችኝ።

«በልታለች?» አልኳት።

«ከትናንት ጀምሮ አልቀመሰችም። ግን ኩርር ትላለች።»

«እንግዲያው ኩርርታውን ተይውና ክሊኒክ ውሰጃት። እዚያ ለብቻዋ ታስራ ትታይ።»

ፊቷ ጠቆረ። «ዕድሜሽን ሙሉ ከከብትና ከድመት ጋር ኖረሽ መልስሽ ይኼ ብቻ ነው?» ብላኝ ሄደች። አዎ፣ መልሴ ይኼ ብቻ ነው። ይህችን አጭር መልስ የተማርኩት አሶሳ ነው፤ የተማርኩበትን መንገድ ካልተናገርኩ ግን ሴትዮዋ እንዳኮረፈችኝ ትቀራለች።

አሶሳ የተመደብኩት ክልሉ ገና ክልል መሆንን በሚለማመድበት ጊዜ ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ፣ የምደባ ወረቀቴን ሳሳያት እናቴ የሞትኩ ያህል አለቀሰች። «ሙቀቱ ይገድልሻል» አለች። አልገደለኝም። መሥሪያ ቤታችን ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ ታፔላው ከበሩ ቀድሞ ስለደረሰ መጀመሪያ የሰቀልነው ታፔላውን ነው። ሠራተኛው ከየአገሩ የተለቃቀመ ነበር። ስብሰባ ላይ አንዱ በጎጃም ዜማ ይናገራል፣ ሌላው በወለጋ፣ ሠፋሪዎቹ በወሎ፣ በርታዎቹና ጉሙዞቹ ደግሞ አማርኛውን ለራሳቸው እንዲመች አሳጥረው። ያም ሆኖ መግባባቱ አልቸገረንም፤ የቸገረን ደመወዙ ነበር። እሱም ሲመጣ ይመጣል፤ ሳይመጣ ሲቀር ኃላፊያችን አቶ ምትኩ ስብሰባ ይጠራሉ። አቶ ምትኩ ስብሰባ የሚወዱ ሰው ነበሩ። የከብት ወረርሽኝም ቢሆን፣ የቢሮ ቁልፍ መጥፋትም ቢሆን «ችግሩን በጋራ እንፈታዋለን» ይሉና የሚፈታው ሰው ሳይታወቅ እንበተናለን።

የሥራ አባቴ ግን ዶክተር ፈይሳ ናቸው። የነቀምቴ ሰው፣ ጴንጤ፣ ረጅም፣ ሲሄዱ መዝሙር የሚያንጎራጉሩ። እንስሳ ፊት ሲቆሙ መዝሙሩም ወሬውም ያቆማል። መጀመሪያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያ በፎጣ አይጠርጉም፤ አየር ላይ ያደርቁትና መዳፋቸውን እርስ በርሱ እያፋተጉ ያሞቁታል። ከዚያ በኋላ ነው ላሟም ትሁን ፍየሏ፣ ውሻውም ይሁን ድመቷ፣ ጉሮሮው ላይ እጃቸውን የሚያሳርፉት። «ቀዝቃዛ እጅ እንስሳ ያስደነግጣል፤ የደነገጠ እንስሳ ውሸት ይናገራል» ይሉ ነበር። በዚያ ሰዓት የተነፈሰ ሰው ወዮለት! ባለ ከብቱ ቢያስነጥስ እንኳ ዞረው ያዩታል።

ጓንት አያደርጉም ነበር። ጓንት ያደነቁራል ነው የሚሉት።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ በቢሯችን ድመት ነው። ጭናቸው ላይ አስተኟትና «እጅሽን እዚህ ጋ አድርጊ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ።

«ይንቀጠቀጣል።»

«ትንፋሽ ስታስገባ ነው ስታስወጣ?»

ቆየሁ። «በሁለቱም።»

«በሁለቱም! ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። «ድምፅ የሚወጣበት ሳጥን አለ፤ በውስጡ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው እንዲህ የሚንቀጠቀጡት። ትንፋሹ ሲገባም ሲወጣም ኩርርታው ስለማይቋረጥ ጆሮሽ አንድ ረጅም ድምፅ አድርጎ ይሰማዋል። የቤት ድመት፣ አነር፣ ደልገምባሳ፣ አቦ ሸማኔም ሳይቀር እንዲህ ማድረግ ይችላሉ። አንበሳና ነብር ግን አይችሉም። እነሱ ያገሳሉ። የሚያገሳ ኩርርታን እንደዚህ አይቀጥልም፤ ኩርር የሚል ደግሞ ማግሳት አይሆንለትም። ሁለቱንም አሟልቶ የተሰጠው የለም።»

ለምን? አልኩ። ይህችን ጥያቄ ባልጠየቅኩ! ዶክተር ጥያቄ ከጠየቋቸው መልሱን ካላሳዩ አያድሩም። በማግስቱ አንድ ገበሬ በወጥመድ የገደለውን የነብር ጭንቅላት ይዘው መጡና የዘበኛችንን ሚስት ድስት ተውሰው በግቢው ጓሮ ቀቀሉት። ሥጋው ሲለቅ የምላሱን ሥር አጥንቶች አወጡ። ቀደም ብለው ካዘጋጁት የድመት አጥንት ጎን አስቀመጡልኝ። የድመቷ ከምላስ ሥር ተነስቶ እስከ ራስ ቅል ድረስ ትንንሽ አጥንት በአጥንት ላይ የተቀጣጠለ ነው። የነብሩ ግን መሐሉ ላይ አጥንቱ ቀርቶ በምትኩ የሚለጠጥ ጅማት አለ። «ጅማቱ ሲለጠጥ ጉሮሮው ወደ ታች ይወርዳል፤ ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ ይረዝማል። የድምፁ ሳጥን ውስጥ ያለው ሥጋም ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው። ስለዚህ አገር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ይወጣል» አሉኝ። ዘበኛው ቆሞ ሲያይ ቆየና «አንተ ዶክተር፣ አሁን ይህንን ትበላዋለህ?» አላቸው። ሚስቱ ድስቱን መልሳ አልተቀበለችም። ለወራት ያህል ከተማው ዶክተር ፈይሳ የነብር ራስ ቀቅለው መድኃኒት ይሠራሉ ሲል ከረመ፤ ወይ ጉድ፣ የሚገዛም ሰው መጥቶ ያውቃል።

ይህ ዕውቀታቸው የትም የማይጠቅም ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከብት ከትበን ከባምባሲ ስንመለስ የደን ጥበቃ ሠራተኞች መንገድ ላይ አስቆሙን። ወንዙ ዳር ካለው ጫካ ውስጥ ሌቦች በየምሽቱ ዛፍ ይሰነጥቃሉ፣ የመጋዙን ድምፅ ሰምተናል፣ ዛሬ እንይዛቸዋለን አሉ። መኪናችን ላይ ጫንናቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እውነትም ድምፁ መጣ፤ ኽርር… ኽርር… ኽርር… ልክ ሁለት ሰው የያዘው መጋዝ።

«ይኸው!» አለ አለቃቸው። «አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይገፋል።»

ዶክተር ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «ስንት ምሽት ሆነ ሲሰነጥቁ?»

«ሳምንት አልፎታል።»

«ዛፍ ሲወድቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

«የለም» አለ ሰውየው። ሆኖም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ነውና፣ ዘሎ ወርዶ ወደ ጫካው «እጅ ወደ ላይ!» ብሎ ጮኸ። መጋዙ ቆመ። ከዚያ ሣሩ ሲላወስ አየን፤ ጭራ አየን። አለቃው ወደ መኪናው የገባው በበሩ ይሁን በመስኮቱ ዛሬም አላውቅም። ነብር እንደ አንበሳ ረጅም አድርጎ አያገሳም፤ ግዛቱን የሚያስታውቀው እንደ መጋዝ እያቋረጠ ነው። ከዚያ ወዲያ የዶክተር ፈይሳ ጆሮና መዳፍ በአሶሳ ገበያ ሳይቀር ይወራ ጀመር። እሳቸውም ወሬውን አልጠሉትም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘሀራ የምትባል በርታ ሴት ነበረች፤ ገበያ ውስጥ ሰሊጥና የደረቀ ባሚያ ትሸጣለች። መጋዘኗን አይጥ እንዳይጨርሰው ድመት ታረባለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት፣ አንተና አንቱ አይለይም፤ እኔንም «አንተ አስካለ» ነው የምትለኝ። ሀዋ የምትባል ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ ነበረቻት፤ ያለ እሷ ሌላ የላትም። አንድ ጠዋት ሀዋ ግራጫ ድመት በዘንቢል ይዛ፣ እናቷ ከኋላዋ ተከትላ መጡ።

«አይበላም» አለች ዘሀራ። «ሁለት ቀን አይበላም። ግን ዚክር አይተውም። ቀን ዚክር፣ ማታ ዚክር።»

ዚክር የአላህን ስም እየደጋገሙ መጥራት ነው። በዘሀራ ቤት የድመት ኩርርታ ዚክር ነው። ዚክር ላይ ያለች ድመት ከሰው ጭን ላይ አትነሳም፣ አትባረርም፣ አትቆጣም። አልሳቅኩም፤ የእኔም እናት ድመት ኩርር ስትል ዳዊት ትደግማለች ነበር የምትለው። ድመቷ ሀዋ ጭን ላይ ተኝታ ነበር፤ ልጅቱም እንዳትረብሻት ብላ እግሯ እስኪደነዝዝ አትንቀሳቀስም።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ያበዱ ውሾች ተገድለው ነበር። «ዶክተር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቢሆንስ?» አልኳቸው። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተጠረጠረ እንስሳ ጓሮ ካለው የሽቦ ቤት ይገባል፣ ለቀናት ይታያል። እሳቸው እጃቸውን ታጠቡ፣ አሞቁ፣ መዳፋቸውን ጉሮሮዋ ላይ አሳረፉ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

«ያ በሽታ ጉሮሮ ነው የሚይዘው» አሉኝ በመጨረሻ። «ድምፅ ይሰነጠቃል፣ መዋጥ ያቅታል። ነይ፣ አንቺም ስሚው።» እጄን አደረግኩ። ሲገባም ሲወጣም ያለማቋረጥ፣ ያለ ስንጥቅ ይንቀጠቀጣል። «ይህ የጤነኛ ጉሮሮ ነው። መርዝ የበላች አይጥ በልታ ይሆናል።» ከዚያ ወደ ዘሀራ ዞረው «ሰው ነክሳለች?» ብለው ጠየቁ።

«የለም» አለች ዘሀራ።

«አልነከሰም» አለች ሀዋ።

የሆድ መድኃኒት ሰጥተው ሸኟቸው። ደንቡን በመዳፋቸው ተኩት ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ ከዘሀራ አጠገብ የምትሸጥ ሴት እየሮጠች መጣች። ድመቷ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ለሃጯ ተዝረክርኮ፣ አህያ ነክሳ፣ ከጆንያ ሥር ገብታ ሞታለች አለችን። ዶክተር ሻያቸውን እንደያዙ ቆሙ። ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጡት አላውቅም፤ መንገድ ላይ ሳያቸው በእጃቸው አልነበረም።

ሬሳውን በጨርቅ ይዘው አገላብጠው አዩ። መንጋጋዋ ላልቶ ወርዷል። «ማንን ነከሰች?» አሉ።

«አህያ» አለች ዘሀራ።

«ከሰውስ?»

«ከሰው የለም። ወላሂ የለም።»

ሴትዮዋ አልዋሸችም፤ ይህ ነው ነገሩን ያከበደው። ዶክተር ጥያቄውን ቀየሩት። «እጃችሁን አሳዩኝ» አሉ። ዘሀራ ዘረጋች፤ ንጹሕ ነው። ሀዋም ዘረጋች። በቀኝ አውራ ጣቷ ሥር አራት ትንንሽ ቀዳዳ ነበረ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ቆዳው ገጥሞ መዳን ጀምሯል።

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«እሱ ንክሻ አይደለም» አለች ዘሀራ፣ በጥያቄው ተገርማ። «ያን ጊዜ ዚክር ላይ ነው። ዚክር ላይ ያለ ድመት ሰው አይነክስም። ጥርሱ ነው የነካው።»

«መቼ?»

«እናንተ ቤት ሳንመጣ በፊት።»

ዶክተር ፈይሳ ሰሊጡ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። የሚያውቃቸው ገበያተኛ ሁሉ ያይ ነበር። «በሽታው እዚያው ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «በእጄ ይዤው ነበር፤ ኩርርታው ሸፈነብኝ።» ዘሀራ ድመቷን ያመነችው ስለምትጸልይ ነው፤ እሳቸው ያመኑት ጉሮሮዋ ስላልተሰነጠቀ ነው። ሁለቱም ያመኑት ያንኑ አንድ ድምፅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ መርፌው የሚያድነው ሳይታይ ከተቀደመ ብቻ ነው። ዘሀራ ይህን የሰማች ጊዜ አልጮኸችም። ሀዋን አንስታ አቀፈቻት፣ ያቺን አውራ ጣት በራሷ አፍ ልትመጥ ስትል ዶክተር እጇን ያዙ።

ቁስሉን በሳሙና አጥበን አጥበን አልጠገብንም። መርፌው ያኔ አሶሳ የለም፤ ያለው አዲስ አበባ ነው። አቶ ምትኩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ገብቼ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እውነት ለመናገር «በጋራ እንፈታዋለን» ይላሉ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሳቸው ግን የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና «ወረቀቱ ስትመለሱ ይሠራል፤ ሂዱ» አሉኝ። ሰው አይናቅም። ዶክተር፣ ዘሀራና ሀዋ በመንዲና በጊምቢ አድርገው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ የድመቷም ራስ ለምርመራ በበረዶ ታሽጎ አብሮ ሄደ። እኔ አህያውንና የሰፈሩን ውሾች ይዤ ቀረሁ።

ምርመራው የፈራነውን አረጋገጠ። ሀዋ በሆዷ ዙሪያ በየቀኑ ተወጋች፤ ዶክተርም በለሃጩ ስለተነካኩ አብረው ተወጉ። ዶክተር እህታቸው ቤት አሳረፏቸው። መርፌው ሲያልቅ እዚያ ያሉት ሐኪም «ዘግይታችኋል። የሚቻለውን አድርገናል፤ እንግዲህ መጠበቅ ነው» አሏቸው።

መጠበቅ ያሉት ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ያ በሽታ ሰው ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደብቆ ይቆያል። ሲወጣ ከዋና ምልክቶቹ አንዱ ውሃ ነው። ሰውየው ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ይጨመደዳል፣ መዋጥ አይችልም። ስለዚህ ዶክተር ፈይሳ ከተመለሱ ማግስት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ በዘሀራ ሱቅ ያልፋሉ።

«ሀዋ፣ ውሃ አለሽ?»

ሀዋ በኩባያ ቀድታ ታመጣለች።

«አንቺ ቅመሽልኝ።»

ትጠጣለች። እሳቸው አንገቷን ያያሉ፤ በዓይናቸው ብቻ፣ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው። ስትውጥ እሳቸውም አብረው ይውጣሉ። ከዚያ የተረፈውን ጠጥተው «ተባረኪ» ብለው ይሄዳሉ። ዘሀራ ሚዛኗን ይዛ የምታየው ልጇን ሳይሆን የሳቸውን ፊት ነበር። ፊታቸው ሲፈታ እሷም ሰሊጧን መስፈር ትቀጥላለች። ሀዋ ምክንያቱን አልተነገራትም። «ዶክተር ቤቱ ውሃ የለም፣ ሚስኪን» ትላለች። ገበያተኛው ደግሞ ዶክተር የዘሀራን ውሃ ካልቀመሱ ላም አይወጉም እያለ ይቀልዳል።

ረመዳን ሲመጣ ሀዋ ትንሽም ብትሆን እንደ ትልልቆቹ ልጹም ብላ አስቸገረች። ጠዋት ዶክተር መጥተው ውሃ ሲሉ «ፆም ነው» አለቻቸው። ወደ ዘሀራ ዞሩ። ዘሀራም «ማታ ና፣ ዶክተር» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወር ሙሉ ፀሐይ ስትገባ፣ የመግሪብ አዛን ሲል፣ የነቀምቴው ጴንጤ የዘሀራ በር ላይ ቆመው ሀዋ በውሃ ስታፈጥር ያያሉ። መጀመሪያ ቆመው ነበር የሚሄዱት፤ ኋላ ቴምር ሰጧቸው፣ ኋላም ምንጣፉ ላይ ቦታ ተለቀቀላቸው። የዘሀራ ባል ስለሞተ የዚያ ቤት ወንድ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነበር።

ዓመቱ አለፈ። ሀዋ ትምህርት ቤት ገባች። እኔ አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ዶክተር፣ አሁንማ ጊዜው አለፈ እኮ። ድናለች» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉኝ። በማግስቱ ሳልፍ እዚያው ቆመዋል። በየቀኑ መሆኑ ቢቀርም በየገበያው ቀን አልቀረም።

በሥራቸው ላይ የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ነው። ያበደ ነው የሚባል እንስሳ ሲመጣ እጃቸውን አያሞቁም፤ «ይታሰር፣ ይታይ» ይላሉ፣ ቀጥለው «እጃችሁን አሳዩኝ» ይላሉ። ባለቤቱ «ኩርር ትላለች እኮ» ብሎ ሲከራከር «ድመት ሲመቻት ኩርር ትላለች፤ ስትወልድም፣ ሲያማትም፣ ስትሞትም ትላለች። እንዴት እንደምትል አውቃለሁ፤ ለምን እንደምትል ግን አላውቅም» ይሉታል። እንዲያ ያለ ሰው «አላውቅም» ሲል መስማት መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን እኔም እንደሳቸው ነኝ።

ሀዋ ስምንተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ዶክተር ወደ ነቀምቴ ተዛወሩ። ጠዋት መናኸሪያ ልንሸኛቸው ወጣን። አቶ ምትኩ ንግግር አደረጉ፤ ረዘመ። የአውቶቡሱ ረዳት «ይግቡ፣ ይግቡ» እያለ ይጣራል። ዶክተር ግን አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው የገበያውን መንገድ ያያሉ። ሊጠይቁም አፈሩ።

ሀዋ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ በአንድ እጇ ጀሪካን፣ በሌላው ኩባያ ይዛ እየሮጠች መጣች። ዘሀራ ከኋላዋ ታነክሳለች። ልጅቱ ለካ ሁሉንም ስታውቅ ኖራለች፤ መቼ እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ኩባያውን እስከ አፉ ሞላችው። ሰው ሁሉ እያየ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ቀስ እያለች እስከ ጠብታው ጠጣችው። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ዶክተር ፈይሳም አብረዋት ዋጡ።

ሀዋ ባዶውን ኩባያ ዘቅዝቃ አሳየቻቸው። «አየህ ዶክተር፣ ዋጥኩ» አለች። «አሁን ሂድ።»